ሽፋኑና ዱቄቱ

ልጄ ለመውለድ ከደገሀቡር ወደ እኔ የመጣችው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ስድስት ወር አልፏት ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ በሥራው ላይ ቀረ። እሷ «እናቴ ቤት ነው የምታረሰው» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ጂጂጋ መጣች።

በመጣች በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገላዋን ታጥባ ወጣች። የሆዷ ቆዳ ተወጥሮ ያሳክካት ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ።

«እማዬ፣ ቫዝሊን አለሽ?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ» አልኳት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ በዚያን ጊዜ እግሬ የሰካራም እግር ነበር፤ ግድግዳ እየደገፍኩ ነው የገባሁት። ዕቃውን ከፍታ ጣቷን ነክራለች። ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የነርቭ መድኃኒቴ ነው።»

«በቫዝሊን ዕቃ?»

«ከካፕሱሉ እያወጣሁ ነው የምወስደው።»

«በቀን ስንት?»

«እንደ ሕመሙ።»

«እሺ፣ ስንት? ቁጥሩን ንገሪኝ እማዬ።»

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ለሁሉም ቁጥር ስሰጥ ነው የኖርኩት። ለልጄ የምሰጣት ቁጥር ግን አልነበረኝም። ዕቃው አጠገብ የነበረችውን የሻይ ማንኪያ አነሳሁና ጫፏን አሳየኋት። ማንኪያዋ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ጠርዟ ላይ የደረቀ ምራቄ አለ። ልጄ ማንኪያዋን አየች። ከዚያ እጄን አየች። እጄ ይንቀጠቀጣል።

«በዚህ ሁኔታሽ ልጄን አላሳቅፍሽም» አለች። አልጮኸችም። «ማቀፍም ማጠብም የለም። እስክወልድ ካልተውሽው የባሌን እናት ነው የምጠራው።»

የገዛ ልጅን ማረስ ለሌላ ሴት መልቀቅ ምን እንደሆነ ለእናቶች አልነግርም።

ነገሩ የጀመረው በአልማዝ ባለጭራ ነው። ኮሮና በመጣበት ዓመት ከግራ ጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ። ምች ነው ያለኝ አለ፤ ሸረሪት ሸንታብሽ ነው ያለኝም አለ። ቁስሉ በወሩ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ቀሚስ ሲነካኝ እሳት ነው። የዚህ አገር ነፋስ ደግሞ ሰው አይምርም፤ ነጠላዬን አንስቶ ጎኔ ላይ ሲጥለው እዚያው መንገድ ላይ ቁጢጥ እል ነበር። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ካፕሱል ታዘዘልኝ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በሳምንቱ ቀለለኝ፤ እንቅልፍ አገኘሁ። ያዘዘልኝን ሐኪም ዛሬም አልወቅሰውም። ያን ጊዜ ተመስገን ብያለሁ፤ ማለቴም ትክክል ነበር።

የታዘዘልኝ አለቀ። ሕመሙ አላለቀም፤ ወይም እንዳላለቀ ለራሴ ነገርኩት።

ጎረቤቴ ሶማሌ ናት። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ጨርቅ፣ የዱቄት ወተት፣ ፓስታ እያመጣች ትነግዳለች። «አባዮ» ትለኛለች፤ በእነሱ እህቴ ማለት ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለሆነ፣ በተለይ ስትቸኩል፣ ሴትነቴን ረስታ «አንተ» ትለኛለች። ባዶውን ሳጥን ሰጠኋትና ከዚያ አመጣችልኝ። ወረቀት የጠየቃት የለም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ቀን ሳጥን ስታቀብለኝ እጇን ሳትለቅ ቆመች።

«አባዮ፣ ይሄ ላስቲኩ ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

«ከምን?»

«ከቆዳ። የአሳማ ቆዳ ይቀቅላሉ፣ ላስቲክ ይሆናል። ሀራም ነው። ሼኹ ነው የነገረን። እኔ ካፕሱል ትቻለሁ፣ ወላሂ።»

«አሳማ?»

«አሳማ! አንተም አትበላም አይደል?»

አልበላም። መጀመሪያ ያሰብኩት እስከዚያ ቀን ስንት እንደዋጥኩ ነው። እዚያው በሯ ላይ ተፋሁ። እሷም አብራኝ ተፋች። ሁለታችንም አፋችንን በነጠላና በሻሽ ጠረግን።

የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ለበሽተኛ መድኃኒት እንደሚፈቀድ አላጣሁትም። ግን ሳልጠይቅ መላ አገኘሁለት። ካፕሱሉን በሁለት ጣቶቼ ይዤ አዞርኩት፤ ለሁለት ተከፈለ። ዱቄቱን ወደ ውኃ፣ ሽፋኑን ወደ ቆሻሻ። ሽፋኑን የነካ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ዱቄቱ መራራ ነው፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ጥርስ መሀል ይቀራል። መራራነቱን ወደድኩት። ጾም ጾም መሰለኝ።

በየጊዜው አንድ አንድ መክፈት ሲሰለቸኝ አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን በሙሉ ከፈትኩና ዱቄቱን በአሮጌ የቫዝሊን ዕቃ አጠራቀምኩ። ዕቃውን በፈላ ውኃ አጥቤዋለሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ስለዚህ ለዓመታት የጠጣሁት ነገር ቫዝሊን ቫዝሊን ይል ነበር። አሁን ሰው እጁን ቫዝሊን ቀብቶ ሲጨብጠኝ አፌ በምራቅ ይሞላል። ማቅለሽለሽ ይሁን ጉጉት ለይቼ አላውቅም፤ ሁለቱም ያሳፍረኛል።

ካፕሱል ይቆጠራል። ዱቄት አይቆጠርም። የማንኪያ ጫፍ የነበረው ግማሽ ማንኪያ ሆነ፣ ከዚያ ሙሉ። ሲያመኝ ወሰድኩ። እንዳያመኝ ብዬ ወሰድኩ። ኋላ ኋላ ስለ ሕመም ማሰብም ቀረ፤ ዱቄቱ ሲይዘኝ ሰውነቴ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ያለ ምቾት አላገኘሁም ነበር። ለእሱ ብዬ ወሰድኩ። እግሬ አበጠ። ከከንፈሬ ዳር ምራቅ መውረድ ጀመረ። በመሥሪያ ቤት ለሁለት ደብዳቤ አንድ ቁጥር ሰጥቼ ቢሮው ሲታመስ ዋለ፤ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አገጬን ደግፌ አያቸው ነበር፤ የሌላ አገር ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

አስቡት፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲትም ጾም አልገደፍኩም። ወተት ያለበት ብስኩት ሰው ሲሰጠኝ ወረቀቱን አገላብጬ አንብቤ እመልሳለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ዱቄቴን እልሳለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ስቅለት ነው። ልጄ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ሚያዝያ ነው። ከቤት ስወጣ ስግደቱን እንድችለው ብዬ ሁለት ማንኪያ ወስጃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከሴቶቹ መሀል ቆምኩ። ጥቂት ጊዜ ሰገድኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ግንባሬን መሬት እንዳስነካሁ ቀረሁ። ተኛሁ። ስነቃ ፊቴ በምራቅ ርሷል፤ ምንጣፉ ላይ የጨለመ ክብ ሠርቷል፤ አፍንጫዬ የእግርና የአቧራ ሽታ ይዟል። ቀና ስል አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች፣ ሁልጊዜ አብረውኝ የሚቆሙ፣ እያዩኝ ነው።

«እንባዋን አየሽው?» አለች አንዷ ለሌላዋ። «ምንጣፉን አራሰችው እኮ። እንዲህ ነው እንጂ ማልቀስ።»

እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ጎተትኩና አንገቴን ደፋሁ። እንደ ትሑት ሰው። በጌታ ስቅለት ቀን ለምራቄ ምስጋና ተቀበልኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ እጄን ታጥቤ ነው የተመለስኩት።

ልጄ ዕቃውን ባገኘች ማግስት ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«እናቴ፣ ስንት ሚሊግራም ነው የሚወስዱት?»

ልጄ ቀደመችኝ፦ «በማንኪያ ነው የምትወስደው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንድነግራት ጠየቀች፤ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ዕቃው ነገርኳት። ስጨርስ «ቤት እንደገባሁ እደፋዋለሁ» አልኳት።

«እንዳይደፉት! በአንድ ጊዜ ካቆሙ ሊጥልዎት ይችላል፤ ራስዎን ስተው ይወድቃሉ። ቀስ በቀስ ነው የሚወረደው። ለማውረድ መቁጠር አለብን። ለመቁጠር ደግሞ ካፕሱሉን ሳይከፍቱ ነው የሚውጡት።»

«አልችልም። ሽፋኑ የአሳማ ነው።»

ሳጥኑን አንስታ በአራት ጎኑ አገላበጠችው። «ከከብትም ይሠራል፤ ከአሳማም ይሠራል። የዚህኛው ከየትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። የከብት ነው ብዬ ልዋሽዎት እችል ነበር፤ ግን አላውቅም።»

«የከብትም ቢሆን ጾም ሊገባ ነው።»

ልጄ ሳቀች። የሚያስጠላ ሳቅ ነበር። «እማዬ፣ ስንቱን ጾም ነው በማንኪያ የበላሽው?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ወይ ሽፋኑን ይውጣሉ፣ ወይ መቁጠር አንችልም። መቁጠር ካልቻልን አላወርድዎትም።»

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ኃጢአትን ጮክ ብሎ መናገር ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው። ያገኘኋቸው ከግቢው ጥግ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ የመድኃኒቱን ሽፋን በጾም መዋጥ ይፈቀድልኛል?»

«ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«አዎ አባ።»

«ስለ ሽፋኑ ብቻ?»

የቀረውን ነገርኳቸው። ዱቄቱን፣ ልጄ ያለችኝን፣ ስቅለትን። ስለ ምንጣፉ ስነግራቸው «እንዴት?» ብለው ጆሯቸውን አቀረቡ፤ ደግሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሚያልፍ ዲያቆን ዞር ብሎ አየን።

«ዋጪው» አሉኝ። «በየቀኑ፣ ልጅሽ እያየችሽ ዋጪው። መድኃኒት ነው። ኃጢአትሽ ሽፋኑ ላይ የለም፤ እዚያ አትፈልጊው።»

«ስግደት ይስጡኝ አባ።»

«ስግደት አልሰጥሽም። ትተኚበታለሽ።»

ስቀው እንደሆነ ብዬ ቀና አልኩ። አልሳቁም።

«ያመሰገኑሽን ሴቶች ግን ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ቀኖናሽ እሱ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ሴቶች ግቢ ውስጥ አስቆምኳቸው። ንግግሬን ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሲደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣኝ።

«በስቅለት ዕለት እያለቀስኩ አልነበረም፤ ተኝቼ ነው።»

አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላዋ «እሱንማ እናውቃለን» አለች። «ታንኮራፊ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ለምን እንባዋን አየሽው አላችሁ?»

«ዲያቆኑ አጠገባችን ቆሞ! ምን እንበል? ሴትየዋ እያንኮራፋች ነው እንበል?»

ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ አፏን የሸፈነችው ነጠላዋን አወረደች። «እኛ መጠጥ ነው ብለን ነበር» አለች። «ለሰውም አውርተናል። ይቅር በይን።»

እኔ ከስቅለት ጀምሮ በሴቶቹ ዘንድ የተከበርኩ መስሎኝ ነበር። ወራቱን ሙሉ ሲያሙኝ ከርመዋል። ወደ ቤት ስመለስ ፊቴ ይቃጠል ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነሱ ጋር ስቆም የምደብቀው ነገር የለኝም። ለእሱም ተመስገን።

ጾሙ በገባበት ሳምንት ልጄ ካፕሱል እየከፈተች ማንኪያዬን ሞላች፤ አንድ ማንኪያ ስንት ካፕሱል እንደሚፈጅ ለማወቅ። ቆጠረች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምወስድ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ደመረች፤ ደግማ ደመረች። ምንም ሳትለኝ ቁጥሩን በስልክ ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟም እስክትወልድ ድረስ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚቀነስ ነገረቻት። የቫዝሊኑን ዕቃ ልጄ ወሰደችው፤ የት እንዳደረሰችው አልጠየቅሁም። ሳጥኖቹን ሻንጣዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው።

የመጀመሪያው ቀን ካፕሱሉን ምላሴ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ምራቅ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፤ ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል። በዓይኔ የማየው አሳማ ነው፤ ጭቃ ውስጥ፣ ከነጸጉሩ። ውኃውን ጠጣሁ፤ ውኃው ወረደ፣ እሱ ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀ። ልጄ አጠገቤ ቆማ «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ። «ምላስሽን አንሺ።» አነሳሁ። በሕፃንነቷ የትል መድኃኒት ስሰጣት እንደዚያ ነበር የማደርጋት።

ሲቀነስ የሚመጣውን ሁሉ አልጽፍም። ላቤ የዛገ ብረት ይሸት ነበር፤ አንሶላዬን በየጠዋቱ ራሴ አጥባለሁ። ሆዴ አልያዝ አለ። ቆዳዬ ሥር ጉንዳን ይሄዳል። ጎኔ እንደ ድሮው መቃጠል ጀመረ። በዚያ ላይ ንዴት አለ፤ እርጉዝ ልጄን «ለእናትሽ እስር ቤት ጠባቂ ሆንሽ?» ያልኳት ከሁሉ ቀላሉ ነው። የቀረውን እሷም አትነግራችሁም።

ገና ሊደርስ አካባቢ አንድ ጠዋት ዋጥኩና ልጄ አፌን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው አስታወከኝ። ሳፋ አንስቼ ያዝኩ። ካፕሱሉ ከነሙሉነቱ ወጣ፤ ቢጫ ውኃ ውስጥ ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያደረገው እጄ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ። ጣቴን ሰድጄ አወጣሁት። ሽፋኑ ለስልሶ ስለነበር ስነካው ተቀደደ። ዱቄቱን ከነትውከቱ ከመዳፌ ላይ ላስኩት። በጾም፣ በጠዋት፣ ጸሎት አድርሼ ሳልጨርስ። ሽፋኑን ደግሞ ላስኩት፤ የቀረ ካለ ብዬ።

ቀና ስል ልጄ በር ላይ ቆማለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«ዛሬስ አሳማውን አልፈራሽውም?» አለችኝ።

ስልኳን አነሳችና እዚያው ፊቴ ቆማ ለአማቷ ደወለች። አማቷ ሐረር ናት። «እማማ፣ ለጥምቀት ሰሞን መምጣት ይችላሉ? አዎ፣ እኔ ጋ ይቆያሉ። አይ፣ እናቴ ደህና ናት። ትንሽ አሟታል እንጂ።» ስልኩን ዘጋች። ሳፋውን ከእጄ ወስዳ ደፋች፣ አጠበች።

በማግስቱ ልጄ ተኝታ ሳለች ጎረቤቴ ሱቅ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው፤ ከመስጊድ ተመልሳ የተጠቀለለ ጨርቅ ትዘረጋለች። አንድ ሳጥን ብቻ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ጨርቁን መዘርጋት አቆመች።

«ልጅህ ነግራኛለች» አለችኝ። «እኔ አሁን አላመጣም።»

«አንድ ብቻ።»

«አባዮ፣ እኔ አሳማ ነው አልኩህ፣ በአንድ ቀን ተፋህ። አሁን ይሄ ገደለህ ስልህ ለምን አትተፋም?»

«ያኛው ቀላል ነበር። አስጠላኝ።»

«ይሄ አያስጠላህም?»

ያስጠላኛል። ሽታው፣ ማንኪያው፣ ምላሴ፣ የትናንቱ መዳፌ፣ ሁሉም ያስጠላኛል። እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የገባኝ ይህ ነው፤ የሚያስጠላኝን ነገር አልነካም ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት፤ ንጹሕ ሰው ነኝ የምለው በዚህ ነበር። አስጠልቶኝም እወደው ነበር። መጸየፌ አንድ ቀን እንኳ አላስቆመኝም።

«ያስጠላኛል» አልኳት። «ግን እፈልገዋለሁ።»

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አላልኩም፤ ያደረግሁትን ነው እንጂ የነገርኳቸው።

ጎረቤቴ የጨርቁን አንድ ጫፍ አስያዘችኝ። «ያዝ» አለችኝ። «ሳብ። እስክጨርስ አብረኸኝ እጠፍ።» ከሰዓቱን ሙሉ ጨርቅ አጠፍን። ስለ መድኃኒት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ስለ ደላሎች ነበር የምትራገመው። ስጨርስ አልወሰድኩም፤ የምወስደውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሲብስብኝ እሷ ሱቅ ሄጄ ጨርቅ አጥፋለሁ። ላቤ እንዳይነካው እጄን በጨርቅ ጠርጌ።

የመጨረሻዋን ካፕሱል ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ዋጥኳት። እንደ ሁልጊዜው አስጸየፈችኝ። ልጄ አፌን አየች፣ «እሺ» አለች፣ ሌላ ነገር አላለችም። አማቷ መጥታ ነበር። ጎኔ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ ነፋስ ያለ ቀን ስስ ጨርቅ አስሬበት ነው የምወጣው። የምኖርበት ሕመም ነው። ዱቄቱንም ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን በጣም።

ልጄ ከመጨረሻዋ ካፕሱል በኋላ በአሥረኛው ቀን ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም በደህና ወጡ፤ ተመስገን።

የመጀመሪያውን ገላ ያጠበቻት አማቷ ናት። የምትከሰስበት ነገር የሌላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ያም ጎዳኝ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ አየሁ። የተሰጠኝ ሥራ ገንፎውና ጨርቁ ነበር። የአራሷን ደም፣ የሕፃኗን ጥቁር ሰገራ በየቀኑ በእጄ አጠብኩ። አንድም ጊዜ አልተጸየፍኩም። ሕፃኗን ልስጥሽ ያለኝ የለም፤ እኔም ስጡኝ አላልኩም። ልጄ ጠዋት ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳያይ፣ አሁንም «አፍሽን ክፈቺ» ትለኝ ነበር፤ የምውጠው ነገር ባይኖርም። እከፍታለሁ።

ሕፃኗ በተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቤት ውስጥ እኛ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ሕፃኗ እስከ ጀርባዋ ድረስ ቆሸሸችና አለቀሰች። ልጄ ከአልጋው ልትነሳ ሞከረች፤ ስፌቷ ያዛት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ሕፃኗ እያለቀሰች ነው።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለች።

ሁለቱን እጄን ዘረጋሁላት። ትንሽ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ይንቀጠቀጣሉ።»

«አዎ። አልዋሽሽም፤ አልወሰድኩም። ፈርቼ ነው።»

ልጄ ሕፃኗን ከነጨርቋ አንስታ ሰጠችኝ። ከአንድ ዳቦ አትከብድም። ውኃውን በክርኔ ለካሁ፣ ቀዝቃዛ ጨመርኩ፣ ደግሜ ለካሁ። ግራ እጄን ከአንገቷ ሥር አስገብቼ ሳፋው ውስጥ ዝቅ አደረግኋት። ልቅሶዋን አቆመች። ልጄ ከአልጋው ጫፍ ሆና ከእጄ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ጆሮዋ ውኃ እንዳይገባው» አለችኝ።

ሦስት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ።

«እሺ» አልኳት፤ መዳፌንም ወደ ጆሮዋ ከፍ አደረግሁ።